ድፍን ስልሳ

ዋርሳና አለቃ ባንድ ሰው ላይ ሲገጥሙ አያድርስ ነው። የጋዝ ላቦራቶሪዋ መርማሪ የገጠማት ይኸው ነበር፤ አለቃዋ የባሏ ታላቅ ወንድም ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ከመስታወት ፋብሪካው ደብዳቤ መጣ። የምትልኩልን ጋዝ በብርድ ጊዜ ቧንቧ ውስጥ ፈሳሽ እያቆረ ምድጃችንን አበላሸው ይላል። አለቃው ወዲያው "ጥፋቱ የመርማሪዋ ነው" ብሎ ለሥራ አስኪያጁ ጻፈ። እስከ ምሳ ሰዓት ካላስተባበለች እንጀራዋ ሊቆረጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ልጆቼ። በየቀኑ የሚሠሩበት መሣሪያ ቀላል ቀላሉን ጋዝ አንድ በአንድ ይለያል፤ ከባድ ከባዱን ግን መጨረሻ ላይ በጅምላ ይተፋዋል። ያንን ጅምላ አለቃው ድሮ ባወጣው ደንብ ለሦስት ያካፍሉታል፦ ከመቶው ስልሳ፣ ሠላሳ፣ አሥር፤ አሥሩ የከባዱም ከባድ ድርሻ ነው። አዲሱ ጉድጓድ ሲከፈት ጋዙ ወፈረ፣ ከባዱ በዛበት፤ ደንቡ ግን ያው ቀረ። የከባዱ ድርሻ ሲያንስ ጋዙ ወረቀት ላይ ደረቅ፣ ፈሳሽ የማያቁር ይመስላል፤ ቧንቧ ደግሞ ወረቀት አያነብም። "ከባዱንም በሚለየው በትልቁ መሣሪያ አንድ በአንድ እንለያቸው" ብላ ሦስት ጊዜ ለምናው ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ፊት ሲቀርቡ አለቃው ጊዜ አልሰጣትም።

"ወንድሜ ለመልኳ አገባት እንጂ ለሒሳቧ አይደለም" አለ። "ትልቁ መሣሪያ ላይ ትናንት እኔው ራሴ ሠርቼዋለሁ። ደንቡ ልክ ነው፤ ጥፋቱ የእጇ ነው።" ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

አነሳችው። 60.00፣ 30.00፣ 10.00። ሳል ይዞ ስርቆት ይሏል ይኸ ነው።

"ጋሼ፣ ይህን በመሣሪያ ለኩት ወይስ በጣትዎ?"

"አፍሽን ያዢ።"

"እኔ አንዱን ናሙና ሁለቴ ለክቼ እንኳ አንድ ዓይነት ቁጥር አግኝቼ አላውቅም። የእርስዎ ጋዝ ማን አስተምሮት ነው እንዲህ ድፍን ድፍኑን የሚያወራው?"

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ። "ናሙናው አለ?"

"አለ። ብርድ መትቶት ከባዱ ዕቃው ላይ እንዳይለጠፍ አሙቄ አስቀምጬዋለሁ።"

"እንግዲያው እፊቴ ይሠራ።"

ናሙናው ትልቁ መሣሪያ ውስጥ ገባ፤ አርባ ደቂቃ ሦስቱም አጠገቡ ቆመው ጠበቁ። ከባዶቹ ወረፋቸውን ጠብቀው ወጡ፦ 46.8፣ 35.1፣ 18.1። ያ አሥር የተባለው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ሥራ አስኪያጁ የክሱን ደብዳቤ ለሁለት ቀደዱና አለቃውን "ቢሮ ናልኝ" ብለውት ወጡ።

አለቃው በሩን ይዞ ወደ እሷ ዞረ። "ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጪ። ለወንድሜ ምን ብለሽ እንደምትነግሪው አያለሁ።"

"እርስዎ ይንገሩት" አለች፣ ኮምፒውተሩ ላይ ከደንቡ ስልሳን እየሰረዘች። "ብቻ ድፍን አድርገው አይንገሩት።"