የእትዬ በሰለች ድንጋይ

እኔ ይሁኔ ሸማኔ ነኝ። ሌላው ሸማኔ በእጁና በእግሩ ነው የሚሠራው፤ የእኔ ግን ጆሮዬም ሥራ አይፈታም። ምን ላድርግ? የሽመና ጉድጓዴ የኔታ ወልደተንሣኤ ለልጆች ዳዊት ከሚያስተምሩበት ግቢ አጥር ጋር ተጣብቋል። አንኮበር ቁልቁለት ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ሜዳ ያገኘበት ይቀመጣል እንጂ ጎረቤት አይመርጥም።

ከአጥሩ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እዚያ ላይ እትዬ በሰለች የተባለች መበለት ጥጥ ስትፈትል ትውላለች። መጀመሪያ ማንም ነገሬ አላላትም። ኋላ ግን የተገረፈውም፣ የራበውም፣ እናቱ የናፈቀችውም ተማሪ ከድንጋዩ ጫፍ ቁጭ ማለት ጀመረ። እሷ እንዝርቷን ታሾራለች፣ ልጁ ያወራል። አትቆጣ፣ አትገሥጽ፤ «እህ» ትላለች፣ «ከዚያስ?» ትላለች። ልጁ አፍንጫውን ይጠርግና ወደ ትምህርቱ ይመለሳል። ድሮ በየወሩ ሁለት ሦስት ልጅ ከየኔታ ዱላ ይኮበልል ነበር። እሷ ከተቀመጠች ወዲህ ዓመት ሙሉ አንድም አልጠፋ። ይህን ልብ ያልኩት እኔ ነኝ፤ የኔታማ ልጆቹ የቆዩት ዱላው ስለጣፈጣቸው ነበር የሚመስላቸው።

ነገር የተበላሸው ኪዳነ ማርያም በሚባል ተማሪ ነው። ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ አባቱ ከዓመት በፊት ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ገብቷል። ዳዊትን እንደ ውሃ ይጠጣ የነበረ ልጅ ድንገት አፉ ተዘጋ። መጽሐፉን ሲገልጥ ድምፁ ይጠፋል። የኔታ ገረፉት፣ ዝም። አንበረከኩት፣ ዝም። ከእትዬ በሰለች ጋር ግን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ሲያወራ ዋለ። እኔም ኃጢአቴን ልናዘዝና መወርወሪያዬን አቁሜ ጆሮዬን ብቀስር፣ ያ ጉደኛ ልጅ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው!

የኔታ ሰምተው መጡ። «በሰለች፣ ምን አለሽ?»

«የነገረኝን አልናገርም፣ የኔታ። ዝም አይነቅዝም።»

«እኔ መምህሩ ነኝ!»

«ለዚህ እኮ ነው ለእርስዎ ያልነገረዎት።»

ይህች አነጋገር አቃጠለቻቸው። «እሱም ደጄን አይርገጥ፣ አንቺም ከድንጋዩ ተነሺ! ይህ ትምህርት ቤት ነው እንጂ ለቅሶ ቤት አይደለም!» አሉ። ልጁን የሚያሳድገው አጎቱ ደግሞ ይህን ሲሰማ፣ ካልተማረ ሰኞ ጣርማ በር ወስጄ የጣሊያንን መንገድ ድንጋይ አሸክመዋለሁ አለ። እኔ ንዴት ሲይዘኝ ማግ ይበጠስብኛል፤ ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደቀጠልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አባት ከጣሊያን ይዋጋል፣ ልጅ ለጣሊያን መንገድ ይጠርጋል! ተነሥቼ ሽማግሌ ፍለጋ ወጣሁ።

ሁለት ሰው አገኘሁ። አንዱ ከአልዩ አምባ ጨው የሚያመጡት ሼህ ዘይኑልአቢዲን ናቸው፤ እርቅ ላይ አንደበታቸው የተመሰገነ፣ ሐሰት የማይወጣቸው። ሌላው አቶ ገብረ ሕይወት ነው፤ ዕድሜ ልኩን ለጋብቻ ሽምግልና ሲላክ የኖረ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስታችን ጋቢያችንን ደርበን፣ ዱላችንን ይዘን ማዶው ሸንተረር ላይ ወዳለው የየኔታ መኖሪያ መንገድ ጀመርን። ያን ጊዜ ሦስት ሽማግሌ ዱላ ይዞ አብሮ ሲሄድ ለጣሊያን ጦር ነበር የሚመስለው። ጎረቤላ መውጫ ላይ የጣሊያን ወታደሮች ከኬላው አስቆሙን።

አስተርጓሚው ብርሃነ መስቀል ይባላል። «ወዴት ነው?» አለ።

ለአርበኛ ልጅ ልናማልድ ነው ብንል እስር ቤት ነው የምናድረው። ሼህ ሰማይ ሰማይ አዩ። «ወላሂ፣ እኔ አልዋሽም» አሉኝ ቀስ ብለው። አቶ ገብረ ሕይወትን ሳል ያዘው። ውሸቱ በእኔ ላይ ወደቀ።

«ልጅ ልንጠይቅ ነው» አልኩ። «የየኔታ ወልደተንሣኤን ልጅ፣ ሸዋወርቅን።»

ሸዋወርቅ ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ሁለት ጠያቂ በምላሷ ከሸኘች ወዲህ ሦስተኛ የደፈረ የለም። ብርሃነ መስቀል የየኔታ ተማሪ ነበርና ሳያስበው ጀርባውን አሸት አሸት አደረገ። «የየኔታን? እግዜር ያበርታችሁ!» አለ። ከዚያ ደግ ያደረገ መስሎት ቋጥኝ ላይ ወጣና ወደ ማዶው ሸንተረር ተጣራ፦ «እናንተ የየኔታ ሰዎች! ለሸዋወርቅ ሽማግሌ መጣላችሁ!»

በእኛ አገር ሰው ገደሉን ወርዶ ይወጣል፣ ወሬ ግን ከሸንተረር ሸንተረር ይዘላል። እኛ እያለከለክን ስንደርስ ደጁ ተጠርጓል፣ ጎረቤት ተሰብስቧል፣ አንዷ እልል ትላለች። የኔታ አዲስ ካባ ለብሰው ወጡ። ሰውየው ጥርስ እንዳላቸው ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ቤት ለእንግዳ! ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ።

«የመጣንበትን ሳናገኝ አንቀመጥም» አለ አቶ ገብረ ሕይወት፤ ልማድ ክፉ ነው። ጋቢውን ብጎትተውም አልሰማኝም።

«ሰጥቻለሁ!» አሉ የኔታ።

«ኧረ የኔታ፣ ነገሩን እንኳ ሳይሰሙ...» አልኩ።

«ሰጥቻለሁ አልኩ! በሦስት ሽማግሌ ፊት፣ በእግዜር ስም፣ የመጣችሁበትን ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ!»

ተቀመጥን። ምን እናድርግ? ሼህ ዘይኑልአቢዲን ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉ። «አልሐምዱሊላህ። እንግዲያው ኪዳነ ማርያም ነገ ወደ ትምህርቱ ይመለሳል፤ በሰለችም ድንጋይዋ ላይ ትቀመጣለች» አሉ።

እልልታው መሃል ላይ ተቆረጠ። እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ የኬላውን ነገር ተናዘዝኩ። ከመጋረጃው ሥር የአዲስ ቀሚስ ጥለት አየሁ፤ ያን ጊዜ ከልቤ አፈርኩ። አንዱን ልጅ ለማትረፍ ብዬ ሌላዋን መሳቂያ አድርጌአት ነበር።

የኔታ ብድግ አሉ። «በሽምግልናችሁ ትቀልዳላችሁ? በልጄ? አይሆንም! አፈርሳለሁ!»

መጋረጃው ተገለጠና ሸዋወርቅ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ምላሷ ግን በቦታው ነበር።

«አባባ፣ እኔን ለማን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ ሰጡ። የሚያውቁትን ልጅ መልሶ መቀበል ነው የከበደዎት? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ እያሉ የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት። የወለዱት ይኸው ሊጠፋ ምንም አልቀረው፤ የተናገሩትንስ ይጠብቁ እንጂ!»

የኔታ ተመልሰው ተቀመጡ። «ቃል ቃል ነው፣ ይምጣ» አሉ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «አንተን ግን፣ ይሁኔ...» ብለው ተዉት። ዓመታት አለፉ፤ አሁንም አልጨረሱትም።

ስንወጣ ሸዋወርቅን ይቅርታ ለመንኳት። «ጋሼ ይሁኔ፣ ሌላ ጊዜ ሲዋሹ ሙሽራውንም ይዘው ይምጡ» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ልጁ ጣርማ በር መሄዱ ቀርቶ አሮጌ ዳዊቱን ታቅፎ መጣ። በሩን አልደፈረም፤ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ኩርምት አለ። እትዬ በሰለች ትፈትላለች። የኔታ ዱላቸውን ይዘው ወጡና ከፊቷ ቆሙ።

«ቃሌን ፈጽሜአለሁ። አሁንስ ትነግሪኛለሽ?»

«አልነግርዎትም። እሱን ይጠይቁት» አለች። ከዚያ ጥጧን ሰብስባ ተነሣችና ቦታዋን ለቀቀችላቸው። «ግን ተቀምጠው።»

የኔታ ድንጋዩን አዩት። አርባ ዓመት ሲያስተምሩ ከተማሪ ጎን ተቀምጠው አያውቁም። ዱላቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉ፣ ካባቸውን ሰበሰቡ፣ ጉልበታቸው እየጮኸ ተቀመጡ። «እህ?» አሉ፤ ልክ እንደ እሷ።

ልጁ ይህን ጊዜ አላንሾካሾከም። «ዳዊቱ የአባቴ ነው፤ የራሴ ሲቀደድ ነው የያዝኩት። ስገልጠው እሱ እሱን ይሸተኛል። ከዚያ ፊደሉ ይጠፋብኛል።»

የኔታ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። ከብብታቸው የራሳቸውን ዳዊት አወጡና ልጁ ጭን ላይ አኖሩት። «በእኔ አንብብ» አሉ። «ያንን እናስቀምጠው። አባትህ ሲመጣ እሱ ራሱ ያነብልሃል።»

ልጁ ገለጠው። መጀመሪያ በጣቱ እየተከተለ በቀስታ አነበበ፣ ኋላ ድምፁ ጠራ። እኔ መወርወሪያዬን ወዲያና ወዲህ እወረውራለሁ፣ የምወረውርበትን ግን አላይም። ያን ቀን የሸመንኩት ጋቢ መሃሉ ላይ ጠማማ ነው፤ ባለቤቱ ባየኝ ቁጥር ይነዘንዘኛል። ይነዝንዝ።