የማይከፈተው ቤተ ሙከራ

በዚያ ዓመት ለአሥረኛ ክፍል ልጆቼ በሙሉ ዜሮ የሰጣቸው አንድ ድረ ገጽ ነው። የተወቀስኩት ግን እኔ ነኝ። ዛሬም ሳወራው ድምፄ ከፍ ይልብኛል፤ ታገሡኝ።

ዴቫኪ ጋሃ እባላለሁ። ኔፓል ውስጥ፣ ከቡትዋል ከተማ በላይ፣ ኮረብታው ላይ ባለችው ከተማችን፣ በሴቶች ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። ድሮ ቤተ ሙከራ ነበረን። የመሬት መንቀጥቀጡ ግድግዳውን ሰነጠቀውና ታሸገ። ዛሬ ይጠገናል፣ ነገ ይጠገናል ሲሉን ከርመው፣ አንድ ቀን ከማዘጋጃ ቤቱ የትምህርት ክፍል ኃላፊዋ ያሾዳ ማዳም መጡ።

«ጥገናው ቀርቷል» አሉን። «በዚህ ዘመን ማን በብርጭቆ አሲድ ይቀላቅላል? ካትማንዱ ያለ አንድ ድርጅት ግሩም ድረ ገጽ ሠርቷል። ልጆቹ ሙከራውን እዚያው ስክሪኑ ላይ ይሠሩታል። የተግባር ፈተናውንም የሚያርመው ራሱ ድረ ገጹ ነው። እናንተ አረፋችሁ ማለት ነው!»

ኮምፒውተር አስገቡልን፤ ሪባን ተቆረጠ፤ አንገታችን ላይ የአበባ ጉንጉን ጠለቀልን፤ ፎቶ ተነሡና ሄዱ። እኔም፣ እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ወንበር ተሻምተው ተቀመጡ። ሩፕሳ የምትባል፣ የፊት ወንበር የማትለቅ፣ ጥያቄዋ የማያልቅ ተማሪ አለችኝ። «አሲድና ድንጋይ» የሚለውን ጫን አደረገች። ስክሪኑ መሐል ግራጫ ሳጥን መጣ። ከውስጡ በትንንሽ ፊደል «ይህን ክፍል ለማየት ፕለጊን ያስፈልጋል» ይላል። ፕለጊን ማለት ብራውዘሩ ላይ ተጨምሮ የሚጫን ትንሽ ፕሮግራም መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

«ሚስ፣ አሲዱ ይሄ ነው?»

«አይደለም፤ ጠብቂ፣ እየመጣ ነው።»

«ከካትማንዱ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?» አለች፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። በኋላ ሳቁ ጠፋ።

ድረ ገጹ «እርዳታ» የሚል ገጽ አለው። የሚለውን ሁሉ አደረግሁ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። «ብራውዘርዎ አርጅቷል፣ ያድሱት» ሲለኝ አደስኩት። ካደስኩት በኋላ ደግሞ «ብራውዘርዎ ይህን ፕለጊን አይደግፍም፤ የቀድሞውን ይጠቀሙ» አለኝ። የቀድሞውን ፈልጌ ስጭን ኮምፒውተሩ ራሱ «ይህ አደገኛ ነው» ብሎ ዘጋብኝ። አሮጌውን ስከፍት አርጅቷል፣ አዲሱን ስከፍት አዲስ ሆኗል! እንዲህ ያለ ቀልድ አለ?

የእርዳታ ስልካቸው ላይ ደወልኩ። አንዲት ልጅ በለሰለሰ ድምፅ «ናማስቴ፣ ምን ልርዳዎ?» አለችኝ። ችግሩን ዘርዝሬ ነገርኳት።

«ካሹን አጽድተዋል?»

ካሽ የምትለው ብራውዘሩ ከዚህ በፊት ያየውን ገጽ የሚያስቀምጥበትን ቦታ ነው። አጠገቤ የቆሙት ርእሰ መምህራችን ሊላማኒ ሰር ግን የሰሙት ሌላ ካሽ ነው።

«ካሹንማ እነሱ ራሳቸው አጽድተውታል በያት!» አሉ። «የማዘጋጃ ቤቱ ካዝና ባዶውን ነው!»

ልጅቷ ሰምታለች መሰለኝ፣ ትንሽ ሳቅ አፈነች። ከዚያ ዝርዝሯን ቀጠለች፤ ይህን ያጥፉ፣ ያንን ያብሩ፣ በሌላ ብራውዘር ይሞክሩ። ሁሉንም ሞክሬዋለሁ አልኳት። «እንደገና ይሞክሩት» አለችኝ። እንደገና ሞከርኩት። ሳጥኑ ግራጫውን እንደሆነ ቀረ።

የፈተናው ጊዜ እንደዚያው አለፈ። ድረ ገጹ ሙከራውን ማሳየት ባይችልም ሰዓት መቁጠር ግን ይችላል፤ ጊዜው ሲያልቅ መልስ ላልሞላ ሁሉ ዜሮ ሰጠ። ለሁሉም ልጆቼ ዜሮ! ያ ውጤት ደግሞ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ሳይንስ ለመማር ማን እንደሚመረጥ የሚወስን ነው።

ሩፕሳ የመምህራን ክፍሉ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«ሚስ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም።»

«ታዲያ ለምን ዜሮ?»

ምን ብዬ ልመልስላት? ከትምህርት ክፍሉ የመጣው ደብዳቤ ግን መልስ ነበረው። ሊላማኒ ሰር መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልኝ፤ «ውጤቱ ሊበላሽ የቻለው የትምህርት ቤቱ የሳይንስ መምህርት ቴክኖሎጂ የመጠቀም ብቃት ስለሚያንሳቸው መሆኑ ተረጋግጧል። ስለዚህ ቡትዋል በሚሰጠው ሥልጠና ላይ እንዲገኙ።»

«ተረጋግጧል?» አልኩ። «ማን መጥቶ አረጋገጠ? ማን ይህን ኮምፒውተር ከፍቶ አየ?»

«ዴቫኪ፣ ቀስ በይ» አሉኝ። «የሚጽፉት ሳያዩ ነው። ሁሌም እንደዚያ ነው።»

«እኔን ይበሉኝ፣ ግድ የለም! ልጆቹስ?»

ስልኩን አንሥቼ እንደገና ደወልኩ። ያቺው ልጅ አነሣችው። «ካሹን አጽድተ...» ብላ ሳትጨርስ ጮህኩባት። ምን ያላልኳት አለ? ውሸታም አልኳት። የልጆቼን ሕይወት በእጅሽ ይዘሽ እንደ በቀቀን ትደጋግሚያለሽ አልኳት። ስጨርስ፣ ቃል በቃል ከተጻፈላት ላይ እንደምታነብ ሆና «ስለደወሉልን እናመሰግናለን» አለችና ዘጋችው።

ትንሽ ቆይቶ የማላውቀው ቁጥር በስልኬ ደወለ። የመኪና ጥሩምባ ከኋላ ይሰማል።

«ዲዲ፣ እኔ ነኝ» አለች ያቺው የእርዳታ ስልኩ ልጅ፤ ዲዲ በእኛ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው። «በራሴ ስልክ ነው የምደውለው፤ ከቢሮ ወጥቼ ደረጃው ላይ ነኝ። የቢሮው ስልክ ይቀዳል። ምንም ቢያደርጉ አይከፈትም። ፕለጊኑን የሠሩት ሰዎች ከተዉት ቆዩ። አሁን ያሉት ብራውዘሮች ማንኛቸውም አያስገቡትም። ድረ ገጹ የተሠራው ድሮ ነው፤ አለቆቻችን ሳይቀይሩት ነው ለእናንተ የሸጡት።»

«ይህን ታውቂ ነበር?»

«ሁላችንም እናውቃለን። ግን አትናገሩ፣ ዝርዝሩን ብቻ አንብቡላቸው ተብለናል። ዲዲ፣ እባክዎ ስሜን እንዳይጠሩብኝ። ታናሽ ወንድሜን የማስተምረው እኔ ነኝ።»

«ስምሽን መች አወቅሁት?»

«ጁንኪሪ» አለችኝ፤ ደግማ «እንዳይጠሩብኝ!» አለች። ንዴቴ የሚያርፍበት ቦታ አጣ። በዚያች ልጅ ላይ መጮሄ አሳፈረኝ፤ እንድትዋሽ በቀጠሯት ላይ ደግሞ ደሜ ይበልጥ ፈላ።

አውቶቡስ ይዤ ቁልቁል ቡትዋል ወረድኩ። ሥልጠናው የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ሙቀቱ አያድርስ ነው፤ ኮርኒሱ ላይ ያለው ማራገቢያ ድምፅ እንጂ ነፋስ የለውም። ከየትምህርት ቤቱ የመጡ የሳይንስ አስተማሪዎች ተሰብስበዋል። ሁሉም አንገቱን ደፍቷል፤ ብቃት አንሷችኋል ተብለን ነዋ የተጠራነው! ያሾዳ ማዳም ከፊት ተቀምጠዋል። ከካትማንዱ የመጣው አሠልጣኝ ፕራቦድ የሚባል ከረባት ያሠረ ጎልማሳ ነው።

ፕራቦድ ትልቁ ስክሪን ላይ ሙከራውን አሳየን። አሲዱ ድንጋዩ ላይ ሲፈስ አረፋው ግልብጥ ብሎ ይወጣል። «አያችሁ፣ እንዴት ቀላል ነው?» አለን። ከፊት የተቀመጡት አጨበጨቡ። ልብ ብዬ ሳየው ግን ጣቱ ምንም አልነካም። የሚያሳየን ድሮ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው!

የማውቀውን ባወጣው ደስ ባለኝ። ግን «ማን ነገረሽ?» ቢሉኝ ጁንኪሪን በላኋት ማለት ነው። ስለዚህ ተነሣሁና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ።

«ሰር፣ ቪዲዮውን ይተዉትና ድረ ገጹን ራሱን ይክፈቱልን።»

«ማዳም፣ እዚህ ያለው ኔትወርክ ደካማ ነው።»

«ስልኬ ጥሩ ኔትወርክ አለው፤ ከእሱ ይገናኙ።»

«ጊዜ ይፈጅብናል...»

«እኛ ጊዜ አለን። ለዚህ አይደል የመጣነው?»

ያሾዳ ማዳም ዞረው በዓይናቸው ተቀመጪ አሉኝ። አልተቀመጥኩም። ስልኬን ዘርግቼ ቆሜ ቀረሁ። አዳራሹ ሁሉ ሲያፈጥበት ፕራቦድ ሌላ አማራጭ አጣ። ከስልኬ ተገናኘ፤ ድረ ገጹን ከፈተ፤ «አሲድና ድንጋይ» የሚለውን ጫነ።

ግራጫው ሳጥን ግድግዳውን ሞልቶ ተገተረ።

ከኋላ ወንበር ቴክ ናራያን የሚባሉ፣ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ አስተማሪ እጃቸውን አወጡ።

«እኛም ጋ ይኸው ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ አርጅቼ፣ አልገባኝ ብሎ ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»

«እኛም ጋ!» አለች ሌላዋ። «ባለቤቴን ሳይቀር አስሞክሬዋለሁ። ተሳደብን፣ ተጣላን!»

እጅ በእጅ ላይ ተነሣ። ለካ እያንዳንዳችን ብቻችንን የደነቆርን መስሎን፣ አፍረን፣ ተደብቀን ነበር! እኔ እስከዚያች ደቂቃ ያን ያህል ተናድጄ አላውቅም።

ፕራቦድ ላቡን ጠረገ። «ምናልባት ካሹ...» ብሎ ጀመረ፤ አዳራሹ አላስጨረሰውም።

«አጽዳው!» አለ አንዱ። አጸዳው፤ ግራጫ። «ብራውዘርዎ አርጅቷል፣ ያድሱት!» አለች ሌላዋ የእርዳታውን ገጽ ድምፅ እየቀዳች። «የቀድሞውን ይጠቀሙ!» «አጥፍተው ያብሩት!» አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ፕራቦድ ተቀመጠ፤ እውነት ለመናገር አሳዘነኝ፤ ግን ብዙ አላሳዘነኝም።

ለሻይ ስንወጣ ያሾዳ ማዳም ሳሞሳ በያዘው እጃቸው ጥግ ጠሩኝ።

«ማን ነው የነገረሽ?»

«ምኑን፣ ማዳም?»

«እንደማይከፈት። ከድርጅቱ ሰው አለሽ።»

«ድረ ገጹ ራሱ ነው የነገረኝ። በየቀኑ ነግሮኛል። እርስዎስ አንድ ቀን ከፍተውት ያውቃሉ?»

ሳሞሳውን ገመጡና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ደብዳቤ መጣ። «በተፈጠረው ጊዜያዊ የቴክኒክ እክል ምክንያት ለዘንድሮ ብቻ ትምህርት ቤቶች የተግባር ፈተናውን ራሳቸው እንዲሰጡ ተፈቅዷል» ይላል። ጊዜያዊ! የሞተ ነገር ጊዜያዊ ሞት ይሞታል? ስለ ብቃቴ የጻፉትን ግን አላነሡትም፤ ይቅርታ የሚል ቃልም የለበትም።

ፈተናውን ግቢው ውስጥ ሰጠኋቸው። ልጆቹ ሎሚ ከየቤታቸው አመጡ፤ ከኮረብታው ላይ ነጭ ድንጋይ ለቅመው ፈጩ። የዘይቱናው ዛፍ ላይ ገመድ አሥረን ድንጋይ አንጠለጠልንና ሲወዛወዝ ለካን። ሩፕሳ ሎሚውን ድንጋዩ ላይ ጨምቃ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ሚስ፣ ይጮኻል! ድምፅ እንዳለው ማንም አልነገረኝም!»

የሚገባትን ውጤት አገኘች፤ ሳይንስም ገባች። ሌሎቹም ብዙዎቹ ገቡ።

የእርዳታው ስልክ ላይ ግን አንድ ቀን ስደውል ሌላ ድምፅ አነሣው። ጁንኪሪ በራሷ ስልክ ነገረችኝ፤ ስም ባልጠራም ጠርጥረዋት አባርረዋታል። ያሾዳ ማዳም ቦታቸው ላይ አሉ። ፕራቦድ ያሠለጥናል። ድርጅቱም ውሉ ታድሶለታል። ከዚያ ሁሉ ሰው ሥራውን ያጣው እውነቱን የተናገረው ብቻ ነው! ስልኩን ይዤ የማለቅሰው እኔ፣ የምታጽናናኝ እሷ ሆነች።

«ዲዲ፣ ተዉት እንጂ። የአጎቴ መድኃኒት ቤት ሥራ ገብቻለሁ።»

«የት?»

«ፖክሃራ። ለዳሻይን በዓል ወደ አገር ቤት ስወርድ በእናንተ በኩል ነው የማልፈው።»

«ቤቴ ሳትገቢ ካለፍሽ አልምርሽም!»

አላለፈችም። በዳሻይን በዓል ቀን የቤቴን በር ስከፍት ሻንጣዋን ያዘለች፣ ካሰብኳት በላይ ቀጭንና ልጅ የሆነች ሴት ቆማለች። በድምፅዋ ነው ያወቅኋት። አስቀምጬ፣ ሥጋና የተደቆሰ ሩዝ አቀረብኩላት። ከዚያ ታላቅ እህት ለታናሿ እንደምታደርገው፣ በእኛ በማጋር ብሔረሰብ ልማድ፣ ከሩዝና ከእርጎ የተለወሰውን ነጩን ቲካ ግንባሯ ላይ ለጠፍኩላት።

«ዕድሜሽ ይርዘም» ብዬ መረቅኋት። «ቀጣሪዎችሽን ግን...»

«ዲዲ! በዓል ነው፣ ዛሬ እርግማን የለም።»

«እሺ፣ ነገ እረግማቸዋለሁ» አልኳት። ስቃ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው፤ እኔም ጨመርኩላት።