አጭሯ ጣት

ጁን ሃያ ስምንት፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የጠፋው መብራት ተመልሶ መጣ። ሪፋት ሰዓቱን የማትረሳው ለዚህ ነው። በድንግዝግዝ ስትዳብሳቸው የነበሩት የቆዳ ቁርጥራጮች ከስፌት ማሽኑ አምፖል ሥር ድንገት ጎልተው ታዩ፤ ትንሿ ጣት አጭር ነበረች።

መጀመሪያ ቁራጭ የወደቀባት መስሏት ወንበሯን ገፋ አድርጋ ከማሽኑ ሥር ፈለገች። ከክር ጥራጊ በቀር ምንም አልነበረም። ተመልሳ ሁሉንም ገጣጥማ ደረደረቻቸው፦ መዳፉን፣ የእጁን ጀርባ፣ በጣቶች መሃል የሚገቡትን ቀጫጭን ጎኖች፣ አውራ ጣቱን። ግራው ሙሉ ነው። የቀኙ ትንሽ ጣት ግን መጨረሻው አንጓ ላይ ሳይደርስ ያልቃል። መቀስ ስቶ የቆረጠው እንዳልሆነ ዳሩ ይናገራል። ተጠንቅቀው፣ ጫፉን ክብ አድርገው ነው የቀደዱት።

ሪፋት እንዲህ ያለች ጣት የምታውቀው አንድ ሰው ላይ ብቻ ነበር። ባሏ ሙደሲር ገና ጢም ሳያወጣ የቆዳ መቁረጫው ማሽን ጫፏን ወስዶበት ነበር። ሙደሲር ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል። ጓንቱ ደግሞ የታዘዘው ለታናሽ ወንድሙ ለዞሃይብ ነው።

ቆዳውን በእጅ ልክ የቆረጡት፣ ቀዳጁ፣ አማቷ ኡስታድ ሻፋአት ናቸው። በሲያልኮት ከተማ ጓንት የማይሰፋበት ሰፈር የለም፤ ቀዳጅ ግን ብርቅ ነው። በድሮ ቀዳጆች ዘንድ አንድ ወግ አለ። የውጭ አገር ደንበኛ እጁን ወረቀት ላይ ዘርግቶ በእርሳስ ዙሪያውን ይሣልለታል። ለገዛ ልጅ፣ ለወንድም፣ ለሚስት እርሳስ ማንሳት ነውር ነው፤ የራስን ሰው እንግዳ ማድረግ ነው። ቀዳጁ ዓይኑን ጨፍኖ እጅየውን በሁለት እጁ ይዞ ይቆያል፣ ይለቃል፣ ሄዶ ይቀዳል። ኡስታድ ሻፋአትም ማክሰኞ ዕለት የዞሃይብን እጅ እንዲሁ ይዘው ቆዩ። በጣም ከመቆየታቸው የተነሳ ዞሃይብ ሪፋትን ጠቀሳት፤ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎት ነበር።

አሁን ስታስበው፣ አልተኙም። ሌላ እጅ ጋ ሄደው ነበር።

ጓንት በሚሠራበት ከተማ ጓንት አድርጎ ሞተር የሚነዳ የለም። ሙደሲርም አላደረገም። በዳስካ መንገድ የወደቀ ዕለት ባዶ እጁን፣ በነጠላ ጫማ፣ ከኋላው ወደ ውጭ የሚላክ የጓንት ካርቶን አስሮ ነበር። ካርቶኑ ተቀደደ። ቀድመው የደረሱት ሰዎች ሲያወሩ፣ ከሩቅ ብዙ ሰው አስፋልቱ ላይ እጁን ዘርግቶ የተኛ ይመስል ነበር አሉ። ሪፋት ይህን በዓይኗ አላየችም፤ ግን ከዚያ ወዲህ በሕልሟ የምታየው ይህንኑ ነው። ጓንቶቹ ከመንገዱ ላይ ቀስ ብለው ይነሳሉ፣ አቧራቸውን ያራግፋሉ፣ አንድ ላይ ሆነው አንድ ሰው ተሸክመው ወደ ቤት ይመጣሉ። ሁልጊዜ በር ላይ ሲደርሱ ትነቃለች።

ስለዚህ ዞሃይብ ከጓደኞቹ ጋር የባቡሳርን ተራራ አቋርጦ ሁንዛ ድረስ በሞተር እሄዳለሁ ባለ ጊዜ፣ ኡስታድ ሻፋአት አንድ ዓመት ሙሉ አልመለሱለትም። ዘንድሮ ግን፣ “እኔ ከራስህ እስከ እግርህ ካለበስኩህ ትሄዳለህ። ጓንቱን ራሴ እቀደዋለሁ፣ ሪፋት ትሰፋዋለች። ሌላ ጓንት አድርገህ ከዚህ በር አትወጣም” አሉ። ጉዞው ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ነገ።

ረቡዕ ዕለት ዞሃይብ እዚሁ ሪፋት የምትሠራበት ፋብሪካ መጥቶ ቀሪውን የመንገድ ልብስ ሲመርጥ ዋለ። ከጎኗ የምትሰፋው ኩልሱም ሥራዋን ትታ ስታፌዝበት ነበር።

“ይሄኛው ጃኬትስ?” አለ ዞሃይብ፣ ቀይ መስመር ያለበትን ለብሶ እየተገላበጠ።

“ሠርግህ ነው ወይስ መንገድህ?” አለች ኩልሱም። “ሙሽሪት ተራራው ላይ ቆማ እየጠበቀችህ ከሆነ ንገረን።”

ሪፋት መጥታ ክርኑ ላይ ያለውን መከላከያ ይዛ ጠመዘዘችው። ወደ ጎን ተንሸራተተ። “ስትወድቅ ይሄ አብሮህ አይወድቅም፤ ጥሎህ ይሄዳል። አውልቀው።”

ጥቁሩን አጠለቀችለት። እጁን ወደ ፊት አስዘረጋችው፣ ጎንበስ አስባለችው፣ ወገቡ እንዳይገለጥ ከኋላ ሳብ አድርጋ አየች። ሄልሜት ስታስመርጠው ደግሞ ግንባሩን ይዛ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ወዘወዘችው፤ ጉንጩ ከሄልሜቱ ጋር አብሮ ካልዞረ አልቀበልም አለች።

“እትዬ፣ አንገቴ ሊነቀል ነው።”

“ይነቀል። እዚህ ሆኖ ይሻላል።”

ከግድግዳው ላይ ደግሞ ጉልበታም የሚመስል፣ አንጓው ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ ያለው ጓንት አውርዶ ነበር። “አባባ የሚቀዱትን አደርጋለሁ፣ ግን ይሄ ቢሆን አያምርም ነበር?”

ሪፋት ጓንቱን ተቀብላ ገለበጠችው። መዳፉ ስስ ነበር፤ በብርሃን ፊት ስትይዘው ጣቷ ይታያል። “ሰው ሲወድቅ መሬትን የሚይዘው በእጁ ጀርባ አይደለም” አለች። ጓንቱን ግድግዳው ላይ መልሳ ሰቀለችው። የሙደሲርን ሬሳ ያጠቡት ሽማግሌ ስለ መዳፉ በሩ ላይ ምን እንዳሏት ኩልሱም ታውቃለች።

ይህ ሁሉ ትናንት ነው። አሁን ሪፋት አምፖሉ ሥር ያችን ጣት ይዛ ተቀምጣለች።

ማድረግ የነበረባት ግልጽ ነው። ከዚያው ቆዳ ሌላ ጣት ቀድዳ መስፋት፣ ዝም ማለት። ግን ኡስታድ ሻፋአት ጓንቱን ሳይዳብሱ አያሳልፉም፤ አውራ ጣታቸው የራሳቸውን ቅድ ከሌላ ሰው ቅድ ይለያል። ልትነግራቸው ብትነሳስ? ሽማግሌው ምን ይሆናሉ? አርባ ዓመት የታመኑበት እጃቸው የሞተውን ልጅ ሲያለብስ መዋሉን በምን አፍ ትነግራቸዋለች? እንደተቀደደው ብትሰፋው ደግሞ፣ ባቡሳር ላይ በረዶ አለ፤ ጣቱ የታፈነ ሰው ፍሬን አይዝም።

ከእነዚህ ሁሉ በታች ለማንም የማትነግረው ሌላ ነገር ነበር። ልትሰፋው ፈለገች። ይህ እጅ ዳግመኛ አይመጣም።

ክሩን በመርፌው አሳለፈች። ማሽኑ ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመረ። አመልካች ጣት፣ የመሃል ጣት፣ የቀለበት ጣት፤ አንዱ በአንዱ ላይ እየታጠፈ፣ ጠፍጣፋው ቆዳ እየሞላ፣ እያበጠ፣ እጅ እየሆነ መጣ። በአዳራሹ ዳር የተሰፋ ጓንት የሚተኮስባቸው የብረት እጆች ተደርድረው ይግላሉ፤ እንፋሎቱ በመሃላቸው እየተንከባለለ፣ ሁሉም ወደ ላይ ተዘርግተው አንድ ነገር የሚለምኑ ይመስላሉ። ውጭ ዝናብ ሊመጣ ሰማዩ ጠቁሯል። ሪፋት ዓይኗ መርፌው ላይ ነው እንጂ ልቧ እዚያ አልነበረም። አንድ ክረምት ሙደሲር ሻይ ይዞላት ሲመጣ፣ ብርጭቆውን በአራት ጣት ይዞ ያችን ጎዶሎ ጣት ወደ ውጭ ሲያወጣት ትዝ አላት። “ይቺ ሥራ ፈት ናት” ይል ነበር። “ሁሉም ሲሸከም እሷ ትመለከታለች።”

አጭሯን ጣት መጨረሻ ሰፋቻት። ሊተኮስ ሲል ብረቱ እጅ ላይ አልገባም፤ የብረቱ ጣቶች ሁሉም ሙሉ ናቸው። ስለዚህ ጓንቱን በግራ እጇ ያዘችው፣ ቀኝ እጇን እንደ ሰላምታ ሰጠችው። ቆዳው ከማሽኑ ገና ሞቅ እንዳለ ነበር። ያዘችው። በደንብ አድርጋ ያዘችው።

“ምን ሆነሻል አንቺ?” አለች ኩልሱም ዞር ብላ። “ጓንት ነው የሰፋሽው ወይስ እጮኛ…” ዓይኗ ትንሿ ጣት ላይ አረፈ። ተነሥታ ሪፋትን ከአዳራሹ በሚጋርድ በኩል ቆመች፤ ክር የምትመርጥ መስላ ብዙ ቆየች።

ዞሃይብ የከሰዓቱ አስር ሰላት ሳይደርስ እየተጣደፈ መጣ። ጃኬቱን በዚያ ሙቀት ለብሶታል፤ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

“አለቀ እትዬ?”

ሰጠችው። ግራውን አደረገ፤ ልክ ነው። ቀኙን ሲያደርግ ትንሽ ጣቱ መንገድ ላይ ቆመች። ገፋ አደረጋት።

“አባባ የእኔንም ጣት ሊቆርጡ…” ብሎ ሳቀ። ሳቁ ፊቱ ላይ እያለ ገባው። ጓንቱን ወደ ዓይኑ አቅርቦ አጭሯን ጫፍ ዳበሳት።

“አባባ ያውቃሉ?” አለ።

“አያውቁም።”

“እንግዲያው አትንገሪያቸው። አደርገዋለሁ።”

ሪፋት ጥግ ላይ የቆመውን መጥረጊያ አመጣች። ጓንት የሚሞከረው እጅ ተዘርግቶ አይደለም፤ በተዘረጋ እጅ ሁሉም ጓንት ይመቻል። እንጨቱን ሰጠችው። “ፍሬን ያዝ።”

ያዘ። ሦስት ጣቶቹ ታጠፉ፤ ትንሿ ቆዳው ውስጥ ተሸብልላ ቀረች፣ መዳፉ ከእንጨቱ ተነሣ።

“ጠበቅ አድርግ።”

“ይለምደዋል፤ ቆዳ አይደል? ይለጠጣል።”

“ዞሃይብ፣ ወንድምህ ባዶ እጁን ሄደ። አንተን የእሱን እጅ አድርጌ አልልክህም።”

“ታዲያ ምን ልበላቸው? ሌላ ጓንት አድርገህ አትወጣም ብለዋል። አላደርገውም ልበል? የሙደሲርን?” መጥረጊያውን መለሰላት። “በቃ እቀራለሁ። ጉዞው ይቅር።”

“ምኑ ነው የሚቀረው?”

ኡስታድ ሻፋአት በሩ ላይ ቆመዋል። ለሰላት የታጠበ ፊታቸው ገና አልደረቀም። መጥተው የዞሃይብን ቀኝ እጅ ያዙና እንደ ልማዳቸው በአውራ ጣታቸው ስፌቱን ተከተሉ፤ ከአመልካች ጣት ጀምረው፣ በየሸለቆው እየገቡ እየወጡ። ትንሿ ጣት ጋ ሲደርሱ አውራ ጣታቸው ባዶ ላይ ወደቀ።

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። እንደገና ወደቀ።

“የያዝኩት ግን የእሱን ነበር” አሉ፤ ለማን እንደሆነ አይታወቅም። “ማክሰኞ። የእሱን እጅ ነበር የያዝኩት።”

“አዎ አባባ” አለ ዞሃይብ። “የእኔን ነበር የያዙት።”

“ሙቀት ነበረው።” አውራ ጣታቸውን አጭሯ ጫፍ ላይ አሳረፉ። “ለዚህ ነው ወንድምህ የመሰለኝ።”

ጓንቱን ከልጃቸው እጅ ላይ ጣት በጣት እየሳቡ አወለቁት፤ የተኛን ሰው ላለመቀስቀስ እንደሚደረገው። አጣጥፈው ግን አላስቀመጡትም። ለሪፋት ዘረጉላት።

“ይሄ ያንቺ ነው ልጄ። ስፌቱ ጥሩ ነው።” ከዚያ ወደ ኩልሱም ዞር አሉ። “ወረቀት አምጪ። እርሳስም።”

ኩልሱም ወዴት እንደምትሄድ ጠፋት። “እርሳስ አባባ?”

“አዎ፣ እርሳስ። ለውጭ ሰዎች የምናደርገውን አላየሽም?”

ዞሃይብ እጁን ወረቀቱ ላይ ዘረጋ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ፣ ዓይናቸውን እንደ ገለጡ። እርሳሱ በእያንዳንዱ ጣት ዙሪያ ቀስ እያለ ሄደ፤ ትንሿ ጣት ጋ ሲደርስ እስከ ጥፍሯ ጫፍ ወጣ፣ ዞረ፣ ወረደ። ዞሃይብ ግድግዳውን ያያል። ዝናቡ ጣሪያው ላይ ጀመረ፤ መብራቱ አንዴ ጭልም ብሎ መልሶ በራ፣ ሁሉም ቀና አሉ።

“አትንቀሳቀስ” አሉ ኡስታድ ሻፋአት። “አንተን ነው እየሣልኩ ያለሁት።”

አዲሱን ከወፍራም የላም ቆዳ ቀደዱት፤ መዳፉን ደራርበው። ሪፋት ከመግሪብ፣ ከፀሐይ መግቢያው ሰላት በፊት ሰፍታ ጨረሰችው፤ ብረቱ እጅ ላይ ሳያስቸግር ገባ። መጥረጊያው ላይ ሲሞከር አምስቱም ጣቶች ታጠፉ።

ዞሃይብ በጉዞው ከናራን ከፍ ብሎ ባለው የጠጠር መንገድ ላይ ወደቀ። ጓንቱን ይዞ ተመለሰ፤ የመዳፉ የላይኛው ቆዳ ተልጦ ከሥሩ ያለው ታይቶ ነበር። እጁ ምንም አልሆነም።