ጨለማ የሚቆጥሩ አበቦች

ፖስተኛው ሊያገባ ሦስት ወር ሲቀረው መብራት ጠፋ።

ለሌላው ሰው ሻማ ለኩሶ መቀመጥ ነበር። የእሱ ጣጣ ግን ሌላ ነው። የእጮኛው ታላቅ እህት፣ እትዬ የሚላት፣ አበባ አምራች ናት። ታናሿን ያሳደገቻት እሷ ስለሆነች «ከላስቲክ ቤቴ ነጭ አበባ ሳትይዝ አልድራትም፤ አበባው ከከሸፈ ሠርጉ ለከርሞ» ብላ ቆርጣለች።

አበባው ደግሞ ጨለማ ይቆጥራል። ሌሊቱ ሳይቋረጥ ከረዘመበት ጊዜዬ ደረሰ ብሎ እምቡጥ ያወጣል። አሁን ካወጣ ለሠርጉ ረግፎ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ እትዬ በየሌሊቱ መሀል ለጥቂት ሰዓት አምፖል ታበራለች። አበባው አንዱ ሌሊት ሁለት አጫጭር ሌሊት ይመስለውና ቅጠሉን ብቻ ያበዛል።

«የብስክሌቴ መብራት አይሆንም፣ እትዬ?»

ከላይ እስከ ታች አየችው። «የኋላዋ ቀይ ናት?»

«አዎ፣ ቀይ ናት።»

«እነሱን የሚያታልላቸው ቀዩ ነው። ንዳ እንግዲህ።»

ነዳ። በመደቦቹ መሀል ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። ቀስ ሲል ዲናሞው ይደክምና መብራቷ ትሞታለች፤ ሲፈጥን ከውኃ ባልዲው ጋር ይላተማል። እትዬ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ «ጥግ ያሉትን ዘለልካቸው። ደብዳቤም እንዲህ ነው የምታድለው?» ትለዋለች።

በማግስቱ ከተማው በርቷል፤ እሷ ጋ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። «የእኛ መስመር ብቻ ተበጥሷል» አለችው። ነዳ። በሦስተኛውም ሌሊት ነዳ። ቀን ቀን እያንቀላፋ የዳቦ ቤቱን ደብዳቤ ለጥርስ ሐኪሙ አስረከበ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት እትዬ የተክሎቹን ጫፍ እየገለጠች ስታይ ከኋላዋ ቆሞ ጠበቀ።

«እምቡጥ የለም» አለች።

ፖስተኛው እመሬት ዘጭ አለ። «ዛሬ መብራት ኃይሎችን ሄጄ ልለምናቸው?»

«ምን ብለህ? መብራቱ እኮ በማግስቱ መጥቷል።»

«ታዲያ እኔ ምን ስሠራ ነበር?»

«ስትነዳ።» ፈገግ እንኳ አላለችም። «አንተ ስትሄድ አምፖሉን አበራላቸው ነበር። የለፋሁበትን አበባ ለብስክሌት የምተው ሞኝ እመስልሃለሁ?»

«ምነው፣ እትዬ! ምን በደልኩ?»

«ምንም። አንተን የማውቅህ ፖስታ በበር ሥር ስታሾልክ ነው። በዚያ ብቻ እህት ይሰጣል?»

ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ጉልበቱ ግን ፔዳሉ ላይ አልቋል።

እትዬ ወደ ግድግዳው ሄደችና የአምፖሎቹን ሶኬት ነቀለች። «ከዛሬ ማታ ጀምሮ አላበራም። ይቁጠሩ። በሁለት ወር ይደርሳሉ፤ ሠርጉም ያኔ ይሁን።»

ፖስተኛው በጣቱ ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ ብስክሌቱን ላስቲክ ቤቱ ውስጥ ረስቶ በእግሩ ወደ እጮኛው ሮጠ።