የሽብሩ ሦስት ፈረሱላ

ልጄን እንደ ቡና መዘኑት። አዎ፣ እንደ ቡና! ነቀምት ውስጥ የሰው ሚዛን ሐኪም ቤት አንድ አለ ይባላል፤ ወታደር ሊመለምል የመጣው ሃምሳ አለቃ ግን «እዚያ ድረስ ማን ይሄዳል» ብሎ ጎረምሳውን ሁሉ የኦቦ ጨመዳ ቡና መጋዘን በር ላይ አሰለፈው። የኦቦ ጨመዳ ሚዛን ከጣራው ወራጅ ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለ ነው፤ ባንዱ በኩል ሳንቃ፣ በሌላው በኩል የፈረሱላ ብረት። ሃምሳ አለቃው ሦስት ብረት አስጫነና፣ «ሦስት ፈረሱላ ያላነሳ ወደ እናቱ ይመለስ!» አለ። ፈረሱላ ዐሥራ ሰባት ኪሎ ነው፤ ሦስቱ ሃምሳ አንድ ይሆናል።

የኔ ሽብሩ ሳንቃው ላይ ሲቆም ብረቱ ንቅንቅ አላለም። ኦቦ ጨመዳ ከልጄ እግር አጠገብ አንድ ኪሎ አስቀመጡ፤ አሁንም እምቢ። ሌላ አንድ ኪሎ ሲጨምሩ ተስተካከለ። «ሁለት ኪሎ ይጎድልሃል። ከጥምቀት በኋላ እንመለሳለን፣ ያኔ ሞልተህ ና» አለው ሃምሳ አለቃው። የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ «ተመስገን» አልኩ።

ምን ላድርግ? አባቱ ኮሪያ ዘምቶ የቀረ ነው። ሽብሩ ያኔ የስምንት ወር ልጅ ነበር። ባሌን ተከትዬ ከሸዋ የመጣሁ ሴት፣ ዘመድ በሌለኝ አገር፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ባንዲት ክፍል ቤት ቅቤ እየነገድኩ አሳደግኩት። ኦሮምኛውንም የለመድኩት ቅቤ ስከራከር ነው። ያለኝ አንድ ልጅ ነው፣ አንድ! እሱንም ለጥይት ልስጥ? ወግዱልኝ!

እሱ ግን ያን ቀን ማታ ምሰሶውን ተደግፎ አቀረቀረ።

«ሰው እኮ ሴት ያሳደገው ይለኛል፣ እማዬ» አለኝ።

«ሴት ብታሳድግህ ምን ጎደለህ?»

«ሁለት ኪሎ።»

ልስቅ ነበር፤ ዓይኑን ሳይ ዋጥኩት።

በማግስቱ አስር አለቃ ተረፋ መጣ። ተረፋ ጎረቤታችን ነው፤ ከባሌ ጋር አብረው ዘምተው እሱ ተመልሷል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚያዘው ሰው አጥቶ ዶሮ ሲያሰልፍ የሚውል ሰው ነው፤ ልጄን ሲያገኝ ሠርግና ምላሽ ሆነለት። «የሠራ ይበላል፣ የበላ ይወፍራል። ይኼ የታወቀ ነው» አለ። «ነፍሱ ጥርሱ ላይ እስክትደርስ አስሮጠዋለሁ። ከዚያ ወዲያ በሬ ብታቀርቢለት ቀንዱም አይተርፍሽ!» እውነትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎህ ሳይቀድ እያስነሳ፣ ጆንያ ሙሉ አፈር እያሸከመ ዳገቱን ያስሮጠው ጀመር።

ያ በሬ የት አለ? ሽብሩ ፊቱ አመድ መስሎ ይመለሳል። የአንጮቴውን ሥር በቅቤ አበጅቼ፣ የጩምቦውን ወፍራም ቂጣ በእርጎ አርሼ አቀርባለሁ። የቅቤው ሽታ ገና ሲደርሰው ፊቱን ያዞራል። «አልወርድ አለኝ፣ እማዬ» ይልና ውሃ ጠጥቶ ይጋደማል። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ እንደ ወፍ ይለቃቅምና ይተወዋል። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዲጋ እስከ ሲሬ ቅቤዬን ሰው ይሻማበታል፣ የገዛ ልጄ ይጸየፈው?

በሳምንት ሁለቴ የሚውለው የዲጋ ገበያ ቀን ደግሞ ሌላ ነው። ያን ቀን ሩጫ የለም፤ አህያዋን ነድቶ ቅቤ ሊያመጣልኝ ይሄዳል። አህያዬን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ለማንም አትቸኩል። ሣር ባየች ቁጥር ትቆማለች፣ ሰው በተሳለመ ቁጥር ትቆማለች። ሽብሩ ከኋላዋ እያዘገመ ሄዶ እያዘገመ ይመለሳል። ማታ ገና በሩ ላይ ሳለ «ራት!» ብሎ ይጮሃል። የሁለት ሰው ይበላል፣ ድስቱን ይጠርጋል፣ ከዚያ «ቆሎ የለም እንዴ?» ይላል።

በመጀመሪያው ሳምንት የገበያው ነፋስ ነው አልኩ። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ያው ሆነ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ድስቱን ይዤ ቆሜ ሳየው ገባኝ። ሩጫው አፉን ይዘጋዋል፤ አዝጋሚው መንገድ ሆዱን ይከፍተዋል። ከተረፋ ጋር ሲሮጥ ይከሳል፣ ከአህያዋ ጋር ሲያዘግም ይወፍራል። ነገሩ ይኸው ነው።

ለልጄ ልነግረው ይገባኝ ነበር። አልነገርኩትም። እንዲያውም፣ «ሽብሩዬ፣ ከእንግዲህ ዲጋ እኔ እሄዳለሁ። አንተ ቀንህን በአህያ ኋላ አታባክን፣ ሩጥ!» አልኩት። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ። ምነው ያኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት የሚባል ነገር አጣሁ። ብቀመጥ ይቆጠቁጠኛል፣ ብነሳ ይቆጠቁጠኛል። ሊጥ እያቦካሁ እረሳዋለሁ፣ የታጠበ ዕቃ መልሼ አጥባለሁ። ጠዋት «ሩጥ ልጄ፣ በርታ» ብዬ እሸኘዋለሁ፤ ከዚያ እስኪመለስ ከበር እስከ ጓሮ፣ ከጓሮ እስከ በር። ምግቡንማ ከበፊቱ አብልጬ አበዛሁት፤ ሰው መጥቶ ቢያይ እናቲቱ ነፈገችው እንዳይል። እሱ የተወውን ማን ይብላው? በሳምንት ሁለት ቀን ዲጋ ደርሶ መልስ ከአህያዋ ጋር ሳዘግም ውዬ ስገባ ጅብ ነው የምሆነው። የሱንም የኔንም እጨርሰዋለሁ። ቀሚሴ ብብቴ ላይ ጠበበኝ።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ተረፋ «እስቲ ይታይ» ብሎ ልጄን ኦቦ ጨመዳ ዘንድ ወሰደው። እኔም ተከተልኩ። ጎረቤቴ ድርቤም ቡና ልትሸጥ መጥታ እዚያው ቆማለች። ሽብሩ ሳንቃው ላይ ወጣ። ሦስቱ ብረት እንደ ተራራ ተቀመጠ። ኦቦ ጨመዳ አንድ ጨመሩ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

«አራት ኪሎ ጎደለ!» ተረፋ ወደኔ ዞሮ አፈጠጠ። «ምንድን ነው የምታበዪው፣ አንቺ ሴትዮ?»

ድርቤ ቱግ አለች። «ምን ማለትህ ነው? የሷን ድስት እኔ አይቻለሁ! ለሠርግ የሚበቃ ነው የምትሠራው!» ስትቆጣም ቢሆን ጨዋታ አታጣም፤ ወዲያው ክንዴን ይዛ ወደ ሚዛኑ ጎተተችኝ። «ይልቅ እሷን መዝኑልኝ፣ ኦቦ ጨመዳ፣ ማሎ፣ በሞቴ! አምና ለጨዋታ ተመዝነን ሦስት ፈረሱላ ከአምስት ነበረች።»

እምቢ ብል ይብስ ሊሆን ነው፤ ወጣሁ። ሦስት ፈረሱላ ከስምንት ኪሎ ሆንኩ።

«ያ ዋቃ!» ድርቤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አዴ ወሰኔ፣ የልጁን ሥጋ አንቺ ወሰድሽው እንዴ?»

ገበያው ሁሉ ሳቀ። ሽብሩም ሳቀ። ሲስቅ የጉንጩ አጥንት ገጦ ወጣ። እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ። «ሩጫው አንሷል ማለት ነው» አለ ተረፋ፣ «ከነገ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ነው!» ያኔ እንኳ ልናገር አልኩ። ግን ነጠላዬን ሰብስቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ተረፋ ልጄን በጀርባው አዝሎት መጣ። ዳገቱ ላይ ተዝለፍልፎ ወድቆ ነው። መደቡ ላይ አስተኛነው፣ ሸሚዙን አወለቅሁለት። እናንተዬ፣ ያ ጎን! አጥንቱን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። ተረፋ ደጃፉ ላይ ዘፍ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«አባቱንም ኮሪያ ላይ ጥይት ሲያገኘው እንዲህ ነበር የተሸከምኩት» አለ። «ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ልነግርሽ አልቻልኩም። አባቱንም እንዲሁ።»

ከጥይት አድነዋለሁ ብዬ በገዛ እጄ ልገድለው ነው ለካ! አባቱን እንኳ ጠላት ነው የገደለው።

ሽብሩ ዓይኑን ሲገልጥ ጥቂት አጥሚት አስጎነጨሁትና ሁሉንም ነገርኩት። ዲጋ ሲሄድ እንዴት ይበላ እንደነበር፣ ሲሮጥ እንዴት አፉ ይዘጋ እንደነበር፣ አውቄ ሩጥ እንዳልኩት። ሳላስተባብል፣ ሳልቀንስ። ተረፋ ደጃፉ ላይ ሆኖ ይሰማል። ሽብሩ ጣራ ጣራውን ያይ ነበር።

«ካወቅሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ።»

ጋቢውን እስከ አገጩ ሳበ።

«ስደበኝ!» አልኩት። «በለኝ! አንድ ነገር በለኝ እንጂ!»

«ሩጥ ልጄ፣ በርታ ስትዪኝ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ፈቅደሽልኝ መስሎኝ ነበር። ያን ሁሉ ዳገት ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት።» ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ተነሳ፣ አህያዋን ፈታ፣ ወጣ። ተረፋም «ወታደር በአህያ!» ብሎ ሊያጉረመርም ጀመረና ተወው። አንዱን ቀን ዲጋ፣ አንዱን ቀን እዚሁ ዙሪያውን፣ አህያዋ እንዳደረገችው ያዘግማል። የገና ጾም ነበር፤ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ «ልጄ ታሟል፣ ቅቤ ይፍቀዱለት» አልኩ። ፈቀዱ። በምን እንደታመመ ግን በንስሐ ተናገርኩ፤ መቶ ስግደት ሰጡኝ። መቶው ስግደት ቀላል ነበር።

ከባዱ ማዕዱ ነው። ማታ ማታ ፊቴ ተቀምጦ ይበላል። ዓይኔን አያይም፣ እማዬ አይለኝም። ሳህኑ ሲያልቅ «ጨምሪ» ይላል፤ እጨምራለሁ። እያንዳንዷ ጉርሻ አንድ እርምጃ ከቤቴ ታወጣዋለች፤ እያወቅሁት እጨምራለሁ። ፊቱ ሞላ፣ አንገቱ ወፈረ። ሌላ እናት ልጇ ሲወፍርላት እልል ትላለች። እኔ በመጋረጃ ተከልዬ አለቅስ ነበር።

ጥምቀት አለፈ፣ ሃምሳ አለቃው መጣ። የኦቦ ጨመዳ መጋዘን በር ላይ እንደገና ሰልፍ ሆነ። እኔ በማሰሮ ለገበያ የያዝኩትን እርጎ አቅፌ ከሴቶቹ መካከል ቆምኩ። ሽብሩ ሳንቃው ላይ ወጣ። ሦስቱ ብረት ተንቀሳቀሰ። ተነሳ፣ ተነሳ፣ ሊስተካከል ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ኦቦ ጨመዳ የግማሽ ኪሎዋን ብረት ከእግሩ አጠገብ ሲያደርጉ ልክ ሆነ።

«ግማሽ ኪሎ ጎደለ» አለ ሃምሳ አለቃው። «ውረድ! ቀጣይ!»

ሽብሩ አልወረደም። ሃምሳ አለቃውንም አላየም። እኔን አየኝ። በአርባ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ።

ዝም ብል ያበቃለታል። ዛሬ አብሮኝ ይገባል፣ ነገም ከነገ ወዲያም። ማንም አይወቅሰኝም፤ ሚዛኑ ነው የጣለው። ልቤ «ዝም በይ፣ ዝም በይ» ይለኛል። ድርቤ ከጎኔ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች። ቆምኩ። እግሬ ግን ቀደመኝ፤ ሰልፉን ገፍቼ ሚዛኑ ሥር ደረስኩና ማሰሮውን ዘረጋሁለት።

«ጠጣ» አልኩት።

አንስቶ ጠጣ። ጉሮሮው ሲወርድና ሲወጣ አያለሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ ሴትዮ?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ልጄን እያጠጣሁ ነዋ! ሦስት ፈረሱላ አላችሁ እንጂ እርጎ አይግባበት አላላችሁም!»

ሰው ሳቀ፤ ኦቦ ጨመዳም ሳቁ። ሃምሳ አለቃው ፂሙን አሻሸና፣ «መቼም ሆዱ ውስጥ የገባ የሱ ነው፤ ድገመው፣ ጨርሰው» አለ። ሽብሩ ጨርሶ አንጠፈጠፈው። ኦቦ ጨመዳ የግማሽ ኪሎዋን ብረት አነሱ። ሦስቱ ፈረሱላ ቀስ እያለ ተነሳና ከልጄ እኩል ቆመ።

ያለፉትን ወደ ቤት አልመለሷቸውም፤ መኪናው እዚያው ቆሞ ነበር። ሽብሩ ወርዶ ማሰሮውን ሰጠኝ። ከንፈሩ ላይ እርጎ ቀርቷል፤ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁለት። «እማዬ» አለኝ፣ ሌላም ሊል ነበር፤ ሃምሳ አለቃው «ፍጠን!» ብሎ ጮኸበት። ሮጦ ተሳፈረ።

ዛሬ ሰው «ልጅሽን መንግሥት ወሰደብሽ» እያለ ያጽናናኛል። መንግሥትማ መልሶልኝ ነበር፤ በእጄ አጠጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ።