ማርያም በመጋዘን

ያለበት ቦታ በየሰዓቱ የሚታወቅ ዕቃ እንዴት ሊጠፋ ይችላል? በእውቀቱ ይህን ጥያቄ ሲያነሣና ሲጥል ሰነበተ፤ መልሱ ግን አልመጣለትም። በላሊበላ ከተማ መልሱን ማወቅ የሚገባው ሰው ቢፈለግ እሱ ራሱ ነበር። ሆላንድ ድረስ ሄዶ የተማረው ዕቃ ከአገር አገር እንዴት እንደሚጓዝ ነው። ከትምህርት በተረፈው ጊዜ ደግሞ ቲልበርግ በምትባል ከተማ ዳር በነበረ ሰፊ መጋዘን ይሠራ ነበር። ጆሮው ላይ የተሰካችው ማዳመጫ የመደርደሪያውን ቁጥር ትነግረዋለች፤ እሱ ካርቶኑን አንሥቶ ጋሪው ላይ ያኖራል። ካርቶኖቹ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተር ነበር። ወዴት እንደሚሄዱ፣ ማን በር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቃቸው አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም።

አባቱ ታመሙ ሲባል ወደ አገሩ መጣ። አባቱ ዳኑ፤ እሱ ቀረ። ቀረ ማለትም ያስቸግራል። ሻንጣውን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ አያውቅም፤ በየወሩ ለአንድ የውጭ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ይልካል፣ በየወሩም ባይሳካ ይሻላል ብሎ ይመኛል። እዚያ ሳለ የሚያምረው እዚህ ነበር። እዚህ ከመጣ ወዲህ ምን እንደሚያምረው ለራሱም ግልጽ አይደለም።

እህቱ አመተ ማርያም ግን የምትፈልገውን ታውቅ ነበር፤ ከአባቷ ቤት ሳትርቅ ሠርታ መኖር። እንግዳ ተቀባይ ሆና የምትሠራበት ሆቴል ቱሪስት ሲጠፋ ተዘጋ። ብዙ ከተንከራተተች በኋላ በስልኳ አንድ ሥራ አገኘች። አንድ የውጭ ድርጅት የተቀዳ የአማርኛ ንግግር እያዳመጠ የሚጽፍለት ሰው ይፈልግ ነበር፤ ተፈተነች፣ አለፈች። ሥራው የሚሠራው ድርጅቱ በመረጠው ኮምፒውተር ብቻ ነው። ክፍያውን ድርጅቱ ይችላል፤ ከሻጩ ድረ ገጽ ላይ ማዘዝ የእሷ ፋንታ ነው። እስከ ፋሲካ ሥራ ካልጀመረች ግን ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል።

ሌላው መንገድ የባንቺዓለም መንገድ ነበር። ባንቺዓለም ወጣት ሴቶችን ወደ ሪያድ የምትልክ ደላላ ናት፤ የአመተ ማርያም ፓስፖርት እሷ ዘንድ ከተቀመጠ ቆይቷል። ፋሲካን ከእናንተ ጋር ትዋል፣ ከዚያ ወዲያ ግን ቪዛው አይጠብቀንም ብላ ለአባትየው ቁርጡን ነግራቸዋለች። አመተ ማርያም ነገሩን በቀልድ ታልፈው ነበር። "ወይ ካርቶኑ ይመጣል፣ ወይ እኔ እንደ ካርቶን ታሽጌ እሄዳለሁ" ትላለች።

ትእዛዙን የሞላው በእውቀቱ ነው። የተማርክበት አይደል እንዴ ብላ ስልኩን እጁ ላይ አስቀምጣለት፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቅዳሴ ሄደች። ድረ ገጹ ስም ጠየቀ፤ አመተ ብሎ ጻፈ። የቤተሰብ ስም ጠየቀ፤ ማርያም ብሎ ጻፈ። ሁለቱም ሳጥኖች አረንጓዴ በሩ። ከተመለሰ ወዲህ አንድ ነገር እንዲህ ሳያንገራግር ሲሄድለት ይህ የመጀመሪያው ነበርና ደስ አለው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት በዚያ ቤት ጥሩ ሳምንታት ነበሩ። አባቱ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ከማኅሌት ደክመው ሲመለሱ፣ ገና ሳይቀመጡ "ዛሬስ የት ደረሰ?" ይሉታል። እሱም ያስረዳቸዋል። ኮምፒውተሩ ሲታዘዝ ገና ኮምፒውተር አልነበረም፤ ስክሪኑ በአንድ አገር፣ ባትሪው በሌላ አገር ተሠርቶ ቾንግቺንግ በምትባል የቻይና ከተማ ነው የሚገጣጠመው። ከዚያ በመኪና ወደ አየር ማረፊያ፣ በአውሮፕላን ወደ ሆንግኮንግ፣ ከሆንግኮንግ ወደ ዱባይ። መሪጌታ ገድል እንደሚነበብላቸው ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። ዱባይ ላይ ዕቃው ሳይንቀሳቀስ ሲውል ሲያድር "እግዚአብሔር ያስነሣው" አሉ። ተነሣ። አዲስ አበባ ገባ።

አዲስ አበባ ላይ ቆመ። ስልኩ ላይ የሚታየው ቃል "ተይዟል" የሚል ሆነ፤ ቃሉም አልለወጥ አለ። በእውቀቱ ኔትወርክ ፍለጋ ከሰፈራቸው በላይ ያለውን ተረተር እየወጣ ያየዋል፤ ወርዶ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይወጣል። መጀመሪያ ቀረጥ ነው አለ። ቀጥሎ የበዓል ሰሞን ስለሆነ ነው አለ። እያለ እያለ ምክንያት አለቀበት።

በመጨረሻ ሰው አፈላልጎ ሐምዳንን አገኘ። ሐምዳን የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ በትራንዚተርነት የሰው ዕቃ ከመጋዘን ያወጣል። አመተ ማርያም የሰጠችውን የመታወቂያዋን ፎቶ ሳያነብ አስተላለፈለት። ሐምዳን በማግሥቱ ደወለ።

"ወንድሜ፣ ዕቃው አለ። ወላሂ በዓይኔ አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ምን ይዞት ነው?"

"ካርቶኑ የአንዲት ማርያም የምትባል ሴት ነው፤ አመተ ማርያም ይላል። አንተ የላክልኝ መታወቂያ ንጋት ሰይፈ ሥላሴ ይላል። እኔ ማርያምን አላገኘሁም፣ የመጋዘኑ ሰዎች ንጋትን አያውቋትም። ንጋት ማን ናት?"

በእውቀቱ ተረተሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። ንጋት እህቱ ናት። ጎሕ ሲቀድ ስለተወለደች እናታቸው ያወጡላት ስም ነው፤ በትምህርት ቤት፣ በመታወቂያ፣ በፓስፖርት የምትጠራው በዚያ ነው። በቤታቸው ግን ክርስትና ከተነሣችበት ቀን ጀምሮ በክርስትና ስሟ እንጂ ንጋት ብሎ የጠራት የለም። እናታቸውም ቶሎ ስላረፉ ስሙን በቤት የሚያነሣ አልቀረም። እሱ ወደ ውጭ ሲሄድ ልጅ ነበረች፤ በዚያ ሁሉ ዓመት በስልክ ሲያነጋግራትም አመተ ማርያም ነው የሚላት። ድረ ገጹ ስም ሲጠይቀው ሌላ ስም ይኖራት ይሆን ብሎ አላሰበም።

ቤት ገብቶ ሲናገር መሪጌታ ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ። አመት ማለት በግእዝ ሴት አገልጋይ ናት፤ እሳቸውን ያሳቃቸው እሱ ነበር።

"አንተ ልጅ፣ ሴት ልጄን ለሁለት ሰንጥቀህ፣ አገልጋይቱን እዚህ ትተህ እመቤቲቱን መጋዘን አስገባሃት?"

አመተ ማርያምም አብራ ሳቀች። ሳቋ ግን ከአባቷ ቀድሞ አለቀ። መሪጌታም ልጃቸውን አዩና ዝቅ ባለ ድምፅ ትወጣለች ወይ ብለው ጠየቁ።

በእውቀቱ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ ወረቀት ሳያስፈልግ አይቀርም ሲላቸው፣ ወረቀት ከሆነማ እኔ አላጣም አሉ። በማግሥቱ ደብራቸው ሄደው፣ አመተ ማርያም በክርስትና፣ ንጋት በዓለም ስሟ የምትጠራው አንዲት ሴት መሆኗን የሚመሰክር ደብዳቤ አጽፈው ማኅተም አስመቱበት። ደብዳቤውን የሚኒባስ ሹፌሩ ወንዴ ጋሸና ድረስ ይዞት ሄደ፤ ጋሸና ላይ ለወልድያ ሹፌር ሰጠው፣ የወልድያው ለአዲስ አበባ አውቶብስ ረዳት። ፖስታው ላይ የተጻፈው "ለሐምዳን" የሚል ቃልና ስልክ ቁጥር ብቻ ነበር። ሳይውል ሳያድር ደረሰ። በእውቀቱ ይህን ሲሰማ ሳቅም ንዴትም መጣበት።

ደብዳቤው ግን ከመጋዘኑ መስኮት አላለፈም። ሐምዳን እንዳወራው ከሆነ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ አንብባ ፈገግ አለች፤ እኔም እኮ የክርስትና ስሜ ወለተ ጊዮርጊስ ነው፣ መሥሪያ ቤት ማንም አያውቀውም አለችው። ማኅተሙንም ተሳለመችው። ቀጥላ ግን ኮምፒውተሯን ወደ እሱ አዙራ አሳየችው። ስሙን ማስተካከል የሚችለው የላከው ሻጭ ብቻ ነው፤ እሷ ብትፈልግም የምትጽፍበት ቦታ የለም።

በእውቀቱ ለሻጩ ጻፈ። የምትመልስለት ሣራ የምትባል ነበረች፤ ሰው ሳትሆን ማሽን እንደሆነች ለማወቅ ጊዜ ወሰደበት። ስለ ትዕግሥቱ አመሰገነችው። ስም ማስተካከል የሚችሉት ያዘዙት ወይዘሮ ማርያም ብቻ ናቸው አለችው፤ በዚህ ስም የተሰጠ መታወቂያ ይላኩልን። ክርስትና ምን እንደሆነ፣ የላስታ ካህናት ልጆቻቸውን በምን ስም እንደሚጠሩ በጥሩ እንግሊዝኛ አብራራላት። ጥያቄዎ ገብቶናል፣ ወይዘሮ ማርያም መታወቂያቸውን ይላኩ አለችው። ሰው አገናኙኝ አለ። ሰው ይደውልልዎታል ተባለ። የደወለ የለም።

መጀመሪያ ተናደደ፤ ውሎ ሲያድር መናደዱንም ተወው። የቲልበርጉ መጋዘን አንድ ጥግ ትዝ ይለው ጀመር። ባለቤት ያጡ ካርቶኖች እዚያ ይከመሩ ነበር፤ የጆሮው ማዳመጫ የዚያን ጥግ ቁጥር ጠርታለት አታውቅም፣ እሱም ምሳውን ይዞ በአጠገባቸው ያልፍ ነበር። አንድ ሰው ቢጽፍለት ኖሮስ እሱ ምን ያደርግ ነበር? ምንም እንደማያደርግ እያወቀ ለሣራ ሌላ መልእክት ጻፈ።

አመተ ማርያም መጠየቅ አቆመች። ከሰዓት በኋላ ባንቺዓለም ቤት እየሄደች ዐረብኛ ትማራለች። አንድ ቀን ጎመን እየቀነጠሰች ለወንድሟ አስረዳችው፤ ታዓሊ ሲሉኝ መምጣት፣ ሩሂ ሲሉኝ መሄድ ነው፣ ከኮምፒውተር ይቀላል አለችው። እሱ አልሳቀም። ጥቂት እንድትታገሥ ለመናት። እሷም እስከ ፋሲካ ታግሣለሁ እኮ አለችው።

ፋሲካ መጣ፤ ካርቶኑ አልመጣም። ድርጅቱ በትሕትና የተጻፈ መልእክት ላከ፤ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፣ ወደፊት ግን እናስታውስዎታለን ይላል። በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ባንቺዓለም የጉዞዋን ቀን ነገረቻት። መሪጌታ በዚያ ቀን ማኅሌት ነበረባቸው። ሄደው ቆሙ፤ ድምፃቸው ግን አልወጣ ብሏቸው ዋለ ሲባል በእውቀቱ ኋላ ሰማ።

እስከ ጋሸና በወንዴ ሚኒባስ ሸኛት። የወልድያው መኪና እስኪሞላ ድረስ መገንጠያው ላይ ካለ ምግብ ቤት ተቀመጡ። ውጭ የጭነት መኪኖች ሞተራቸውን ሳያጠፉ ቆመዋል። ሽሮ አዘዘላት፤ ሁለት ጊዜ ጎርሳ ተወችው።

"አባባን አታስጨንቃቸው" አለችው። "ስለ ዕቃው ሲጠይቁህ ይመጣል በላቸው።"

"አይመጣም እኮ።"

"አውቃለሁ። የምታውቀውን ሁሉ መናገር አለብህ እንዴ፣ ጋሼ?"

እሷ ፓስፖርቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

"ባንቺዓለም ስሜን አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተችውም። ቪዛው ላይ እይ፣ አንዲት ፊደል አልጎደለችም።"

አየው። የእህቱ ፎቶ ነው፤ ስሙ የሌላ ሰው መሰለው።

"ተናድጄብህ ነበር" አለች ፓስፖርቱን መልሳ እየከተተች። "የገዛ ወንድሜ ስሜን አያውቅም ብዬ። ኋላ ሳስበው ደግሞ የቤቴን ስም የሚያውቅልኝ ከአባባና ከአንተ ሌላ ማን አለ። እዚያ ሁሉም ንጋት ነው የሚሉኝ።"

ሊመልስላት አሰበ። እንዳትሄጂ ማለት ነበረበት፤ ግን ቀርታ ምን ትሁን የሚለውን አያውቅም ነበር። እሱ ራሱ የቀረ ይሁን የሚሄድ ሳይለይለት እሷን ቅሪ ማለት አቃተው። የወልድያው ረዳት መሙላቱን ጮኾ ሲናገር ሁለቱም ተነሡ። ጉንጩን ሳመችውና ቦርሳዋን ራሷ አንሥታ ገባች። መስኮቱ አቧራ ስለነበረበት የትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጠች አላየም።

ሐምዳን አዲስ አበባ ተቀብሎ እስከ አየር ማረፊያው አደረሳት። ገባች ብሎ ደወለለት፤ ወንድሜ፣ እሷስ ምንም ሳይጠይቋት ነው ያለፈችው አለ፤ ቀልድ አስቦ ይሁን ማጽናናት አልታወቀም።

በዚያው ሳምንት ስልኩ ላይ ያለው ቃል ተለወጠ። ካርቶኑ ወደ ላኪው እየተመለሰ ነው ይላል፤ ዱባይ ገብቷል፣ ከዱባይ ተነሥቷል፣ ደርሷል፣ ላኪው ተረክቦታል። የእያንዳንዱ ሰዓትና ደቂቃ ተጽፏል። በእውቀቱ እስከ መጨረሻው አነበበና ገጹን ዘጋው። ከእህቱ ግን ምንም አልተሰማም። ባንቺዓለምን ሄዶ ጠየቃት፤ ሲገቡ ስልካቸውን ይቀይራሉ፣ አትጨነቅ አለችው። መሪጌታ አይጠይቁትም። ሲገባ ፊቱን ያዩና ወደ ዳዊታቸው ይመለሳሉ።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ተረተሩን ወጣ። ኔትወርኩ ሁለት መስመር እስኪሆን ጠበቀና ጻፈላት።

"አመተ ማርያም፣ ደረስሽ ወይ? ያለሽበትን ቤት አድራሻ ላኪልኝ። መንገዱ ስም ከሌለው በአጠገቡ ያለውን ጻፊልኝ፤ ሱቅም ይሁን መስጊድ፣ እኔ አገኘዋለሁ። ከቤት እንዳትወጪ ከከለከሉሽም በመስኮት የምታዪውን ጻፊልኝ።"

መልእክቱ ሄደ። እስኪመሽ እዚያው ተቀመጠ፤ በማግሥቱም ወጣ፣ በሌላውም ሳምንት። መልስ አልመጣም።