ሕመሙ ነው ማለት

ሶፋ መሥሪያው ቤት ውስጥ እሱ እንጨቱን ይገጣጥማል፣ እሷ ጨርቁን ትሰፋለች። የሥራ ባልደረቦቻቸው ፍቅረኛሞቹን «ሚስማርና መርፌ» እያሉ ያበሽቋቸዋል። እሱ አእምሮውን ታሞ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ዘመድ አዝማዱ ሲሸሽ አጠገቡ የተገኘችው እሷ ናት። ዛሬም «ኪኒንህን ውጠሃል?» ሳትለው ሥራ አትጀምርም።

ዛሬ ጠዋት ሲሸና ስላቃጠለው ጤና ጣቢያ ሄደ። ጨብጥ ነው። መርፌውን የወጋችው ነርስ ቁጣም ወቀሳም በሌለበት ድምፅ ነገረችው፤ «ጓደኛህም ዛሬውኑ ትምጣ። ሳያማት ማህፀኗን ሊጎዳው ይችላል።»

ከመርፌው ይልቅ ይህ አመመው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሱ ቢደብቅ ግን መድኃኒት የምታጣው እሷ ናት። በምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ሲወጣ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ቁጭ አለና እንደምንም ተነፈሰው።

«ሌላ ሴት ጋ ሄጄ ነበር። ያለ ኮንዶም። ጨብጥ ይዞኛል፤ አንቺም መታከም አለብሽ።»

እግሯ ከመርገጫው ላይ ወረደ። ከዚያ እጁን ያዘችው፤ በጥፊ ብታጮለው ይሻለው ነበር።

«ያገረሸብህ ሰሞን ነው አይደል? እንቅልፍ አጥተህ ስትለፈልፍ የከረምክ ጊዜ? አንተ አይደለህማ፣ ሕመሙ ነው! ሐኪሙም እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያመጣ ነግሮኛል።»

«አዎ» ማለት ብቻ ነው የቀረው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ሕመሙ ስንት ነገር ቀምቶታል፤ ዛሬ እንኳ ቢያገለግለው ምን አለበት? «አዎ» ካለ ግን ነገ «እወድሻለሁ» ሲላት ማን እንደተናገራት በምን ታውቃለች? በራሱ አፈረ።

«አይደለም» አለ። «ያለፈው ሳምንት ነው። ኪኒኔን ውጫለሁ፣ እንቅልፌንም ተኝቻለሁ። ደህና ነበርኩ። እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።»

እጁን ለቀቀችው። ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ ስትሄድ ጤና ጣቢያ ሊሸኛት ተነሣ።

«እንዳትከተለኝ! አንተ ከሃዲ!»

ግድግዳው አስተጋባ። ከታመመ ጀምሮ፣ ሕመሙ ይነሣበታል ብላ ድምጿን ከፍ አድርጋበት አታውቅም ነበር።